ቢ ቫይታሚንን ከምግብና ከእንክብል በትክክል ማግኘት፦ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰው ቢ ቫይታሚን ያስፈልገኛል ብሎ ሲያስብ መጀመሪያ የሚሄደው ፋርማሲ ነው። አንድ ብልቃጥ ቢ ኮምፕሌክስ ይገዛል። ሁለት ሳምንት ይውጣል። ሽንቱ ደማቅ ቢጫ ይሆናል፣ ድካሙ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ከዚያ ወይ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል፣ ወይ መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል። ሁለቱም አያዋጡም።

የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ቢ ቫይታሚን ስምንት የተለያዩ ቫይታሚኖች የሚጠሩበት የጋራ ስም ነው፦ ቢ1 (ታያሚን)፣ ቢ2 (ራይቦፍላቪን)፣ ቢ3 (ኒያሲን)፣ ቢ5 (ፓንቶቴኒክ አሲድ)፣ ቢ6 (ፒሪዶክሲን)፣ ቢ7 (ባዮቲን)፣ ቢ9 (ፎሌት) እና ቢ12 (ኮባላሚን)። ስምንቱም በአንዴ የሚጎድሉበት ሰው ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው አንዱ ወይም ሁለቱ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚወስኑት ዕድሜያችሁ፣ የምትበሉት ምግብና የምትወስዱት መድኃኒት ናቸው። ስለዚህ እንክብሉ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። ደረጃዎቹን አትዝለሉ።

## ከሁሉ በፊት፦ እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ ሐኪም ይቅደም

የእጅና የእግር መደንዘዝ ወይም መውረር፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ አዲስ የመጣ የመርሳት ችግር፣ የምላስ መቅላትና መቁሰል፣ ትንሽ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠርና የልብ ምት መፍጠን። ከእነዚህ አንዱ ካለባችሁ በራሳችሁ እንክብል አትጀምሩ። የቢ12 እጥረት ነርቭን ይጎዳል፤ ከቆየ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። ደም ማነስ ሳይታይም ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። "የደም መጠኔ ጥሩ ነው ተብያለሁ" ብላችሁ አትዘናጉ።

አልኮል አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ድንገት ግራ ከተጋባ፣ ሁለት ሁለት ካየ ወይም ከተንገዳገደ፣ ስካር ነው ብላችሁ አትተዉት። ከባድ የቢ1 እጥረት ሊሆን ይችላል። ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። እዚያ ታያሚን በመርፌ ይሰጠዋል፤ የሚዋጥ እንክብል ለዚህ አይደርስም።

## ዝግጅት

ሦስት ነገር አዘጋጁ።

1. የሦስት ቀን ምግባችሁን የምትመዘግቡበት ወረቀት ወይም ስልክ። ሁለቱ የሥራ ቀን፣ አንዱ የእረፍት ቀን ይሁን።
2. የምትወስዱት መድኃኒት ሁሉ ዝርዝር። በሐኪም የታዘዘውም፣ በራሳችሁ የገዛችሁትም ይግባ።
3. ቤት ውስጥ ያሉ የቫይታሚን ብልቃጦችና የኃይል ሰጪ መጠጥ ጣሳዎች። ባዶም ቢሆኑ አትጣሏቸው፤ ጀርባቸው ላይ ያለው ጽሑፍ በኋላ ያስፈልጋል።

ምግባችሁን ስትመዘግቡ አታሳምሩት። እንቁላል ለመብላት አስባችሁ ሳትበሉ ከቀራችሁ፣ አልበላችሁም።

## ደረጃ 1፦ የእናንተ ስጋት የትኛው እንደሆነ ለዩ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል። ከታች ያሉትን ሁሉንም አንብቡና የሚመለከታችሁን ምልክት አድርጉበት። ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል።

ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የማትበሉ ከሆነ፦ ስጋታችሁ ቢ12 ነው። ዕፅዋት በተፈጥሯቸው አስተማማኝ የቢ12 ምንጭ አይደሉም። ስፒሩሊናና ብዙዎቹ የባሕር አረሞች አላቸው ይባላል፤ በውስጣቸው ያለው አብዛኛው ግን ቢ12 የሚመስል፣ ሰውነት የማይጠቀምበት ነገር ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጉበት ቢ12ን ለዓመታት የሚበቃ አድርጎ ያከማቻል። አመጋገባችሁን ቀይራችሁ ዓመት ሙሉ ደህና መሆናችሁ ምንም አያረጋግጥም፤ የምትበሉት ከክምችቱ ነው። እንዲህ የምትመገብ ጡት የምታጠባ እናት ከሆነች ደግሞ አደጋው ለሕፃኑ ይብሳል፤ ሕፃን የኖረ ክምችት የለውም።

ከ50 ዓመት በላይ ከሆናችሁ፦ አሁንም ቢ12። በምግብ ውስጥ ያለው ቢ12 ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው። የሚያላቅቀው የጨጓራ አሲድ ነው። ዕድሜ ሲገፋ በብዙ ሰው ላይ አሲዱ ይቀንሳል። ስለዚህ ሥጋ በየቀኑ የሚበላ ሰውም ሊጎድለው ይችላል። በእንክብልና በተጨመረበት ምግብ ውስጥ ያለው ቢ12 ግን ልቅ ነው፤ መላቀቅ አይፈልግም።

ሜትፎርሚን ወይም እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ለረጅም ጊዜ የምትወስዱ ከሆነ፦ ቢ12 ቀስ በቀስ ሊወርድ ይችላል። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። ሐኪማችሁን "ቢ12ዬ በየጊዜው ይለካልኝ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

የጨጓራ ወይም የአንጀት ቀዶ ጥገና ከነበራችሁ፣ ወይም ሴሊያክ ወይም ክሮንስ የሚባሉት የአንጀት በሽታዎች ካሉባችሁ፦ ምግብ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው።

እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ልታረግዢ የምትችዪ ከሆነ፦ ፎሊክ አሲድ (በእንክብል የሚሰጠው የፎሌት ዓይነት)። የፅንሱ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን አካባቢ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና አያውቁም። ስለዚህ ምርመራው "እርጉዝ ነሽ" እስኪል አትጠብቂ፤ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በቀን 400 ማይክሮግራም ጀምሪ። ከዚህ በፊት የዚህ ቱቦ ችግር ያለበት ፅንስ የነበራት ሴት የሚታዘዝላት መጠን በቀን እስከ 4000 ማይክሮግራም ይደርሳል፤ ይህ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው።

የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድ ከታዘዘላችሁ፦ ቢ6ን ያሳጣል። ብዙ ጊዜ አብሮ ቢ6 ይታዘዛል። ካልታዘዘላችሁ ጠይቁ። ከታዘዘላችሁ ደግሞ "ቫይታሚን ነው፣ ምን ያደርጋል" ብላችሁ አትተዉት።

ፌኒቶይን (የሚጥል በሽታ መድኃኒት) ወይም ሜቶትሬክሴት የምትወስዱ ከሆነ፦ ሁለቱም ከፎሌት ጋር ይነካካሉ። እዚህ ላይ ግን በራሳችሁ ምንም አትጨምሩ። ብዙ ፎሊክ አሲድ የፌኒቶይንን መጠን በደም ውስጥ ሊያወርድና የሚጥል በሽታውን ሊቀሰቅስ ይችላል።

አልኮል የምታበዙ ከሆነ፦ ቢ1፣ ፎሌትና ቢ6።

ገበታችሁ በአንድ የተፈተገ እህል ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ፦ የተፈተገ ሩዝና ነጭ ዱቄት ቢ1 ያጥራቸዋል፤ ቫይታሚኑ ያለው በሚወገደው ሽፋን ውስጥ ነው። በቆሎ ላይ ብቻ መኖር ደግሞ ቢ3ን ያሳጣል። በቆሎ ውስጥ ያለው ቢ3 የታሰረ ነው፤ በኖራ ውኃ ካልተዘጋጀ በቀር ሰውነት ብዙም አያገኘውም።

አንዱም የማይመለከታችሁ ከሆነ፣ ምናልባት እንክብል ጭራሽ አያስፈልጋችሁም። ደረጃ 2፣ 3 እና 4ን ሠርታችሁ አቁሙ።

## ደረጃ 2፦ የበላችሁትን ከሚያስፈልጋችሁ ጋር አስተያዩ

ስምንቱንም አትቁጠሩ። ትሰለቻላችሁ፣ ከዚያ ትተዉታላችሁ። ቢ5 እና ባዮቲን በብዙ ምግብ ውስጥ ስላሉ የተለመደ ምግብ የሚበላ ሰው እምብዛም አይጎድሉትም። እርሷቸው። የቀሩት ለአዋቂ ሰው በቀን እነሆ፦

- ቢ1፦ ከ1.1 እስከ 1.2 ሚሊግራም
- ቢ2፦ ከ1.1 እስከ 1.3 ሚሊግራም
- ቢ3፦ ከ14 እስከ 16 ሚሊግራም
- ቢ6፦ 1.3 ሚሊግራም፤ ከ50 ዓመት በላይ ለሴት 1.5፣ ለወንድ 1.7
- ፎሌት፦ 400 ማይክሮግራም፤ በእርግዝና 600፣ ጡት ለምታጠባ 500
- ቢ12፦ 2.4 ማይክሮግራም፤ በእርግዝና 2.6፣ ጡት ለምታጠባ 2.8

ይህ የአሜሪካ ምክር ነው። አውሮፓውያን ለቢ12 4 ማይክሮግራም ይላሉ። እኔ ብሆን ወደ 4 እጠጋለሁ፤ ከምግብ በሚገኝ መጠን ቢበዛ ጉዳት የለውም።

አሁን ምዝገባችሁን አውጡና መጀመሪያ ሁለት ነገር ብቻ ቁጠሩ፦ ቢ12 እና ፎሌት። ለምሳሌ በአንዱ ቀን አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስርና ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ስፒናች በልታችኋል እንበል። ከምስሩ 360 ገደማ፣ ከስፒናቹ 130 ገደማ ማይክሮግራም ፎሌት አገኛችሁ። ፎሌት ሞላ። በዚያው ቀን ሁለት እንቁላልና አንድ ኩባያ ወተት ነበራችሁ። እንቁላሉ 1፣ ወተቱ 1.3 ማይክሮግራም ቢ12 ሰጣችሁ። 2.3 ሆነ፤ ለጥቂት ጎደለ። እንዲህ ነው የሚታየው።

አንድ ቀን ጎደለ ብላችሁ አትደንግጡ። የሚታየው የሦስቱ ቀን አማካይ ነው። ሦስቱም ቀን ከግማሽ በታች ከሆነ ግን፣ ያ ክፍተት ነው።

## ደረጃ 3፦ ክፍተቱን መጀመሪያ በምግብ ሙሉ

ፎሌት ከጎደለ፦ በየቀኑ አንድ ጥራጥሬና አንድ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ጨምሩ። ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 180 ገደማ ማይክሮግራም አለው። ሽምብራም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ግማሽ ኩባያ አቮካዶ 60 ገደማ ይሰጣል። ጥራጥሬ ሆድ የሚነፋችሁ ከሆነ በሁለት ማንኪያ ጀምሩ፤ በየጥቂት ቀኑ ጨምሩ።

ቢ12 ከጎደለ፦ 85 ግራም የበሰለ የበሬ ሥጋ ወይም ሳልሞን ወይም የታሸገ ቱና የቀኑን ያህል ይሰጣል። አንድ ትንሽ እርጎ (170 ግራም) 1 ማይክሮግራም ገደማ ይዟል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሰውነት ቢ12ን የሚያስገባበት ዋናው በር ጠባብ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ማይክሮግራም ገደማ ካስገባ በኋላ ይሞላል፣ ከሰዓታት በኋላ ነው እንደገና የሚከፈተው። ስለዚህ ከፋፍሉት። ጠዋት እንቁላል፣ ማታ እርጎ፤ ሁሉንም ምሳ ላይ ከማድረግ ይሻላል።

ጉበት ከሁሉም ይበልጣል፤ 85 ግራም የበሬ ጉበት 70 ማይክሮግራም ገደማ ቢ12 አለው፣ ከዚያም ላይ ፎሌት፣ ቢ2 እና ቢ3። በየቀኑ ግን አይበላም። ቫይታሚን ኤ በጣም ስለሚበዛበት በሳምንት አንድ ጊዜ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል። እርጉዝ ሴት ጉበት አትብላ፤ የበዛ ቫይታሚን ኤ ፅንስን ይጎዳል።

ቢ6 ከጎደለ፦ አንድ ኩባያ የታሸገ ሽምብራ 1.1 ሚሊግራም ይዟል። 85 ግራም የዶሮ ፍርምባ 0.5፣ አንድ ሙዝ 0.4፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ድንች 0.4። ሽምብራና ሙዝ ብቻ ቀኑን ይሞሉታል።

ቢ1፣ ቢ2 እና ቢ3፦ ነጩን እህል ባልተፈተገው ቀይሩ። ቢያንስ ግማሹን። ቢ2 ከወተት፣ ከእንቁላልና ከእንጉዳይ፣ ቢ3 ከለውዝ፣ ከዶሮና ከዓሣ በቀላሉ ይገኛል። እህሉን መቀየር የማይሆንላችሁ ከሆነ ቫይታሚን የተጨመረበትን ዱቄት ወይም ሩዝ ፈልጉ፤ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል።

የእንስሳት ተዋፅኦ የማትበሉ ከሆነ ሁለት አማራጭ አላችሁ። አንደኛው ቢ12 የተጨመረበት ምግብ (የአኩሪ አተር ወተት፣ የቁርስ እህል) በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በጠቅላላው 3 ማይክሮግራም እስኪሞላ። ሁለተኛው እንክብል ነው፤ እሱ ደረጃ 6 ላይ ይመጣል። "ተጨምሮበታል" የሚለውን ከፊት ለፊቱ ማስታወቂያ ሳይሆን ከጀርባው ሠንጠረዥ አረጋግጡ። ከአንድ ድርጅት ምርቶች እንኳ አንዱ ቢ12 ኖሮት ሌላው ላይኖረው ይችላል።

## ደረጃ 4፦ ወጥ ቤት ውስጥ አታባክኑት

ቢ ቫይታሚኖች በውኃ ይሟሟሉ። ቅጠሉን በብዙ ውኃ ቀቅላችሁ ውኃውን ስትደፉ፣ ከፎሌቱ ብዙውን አብራችሁ ደፋችሁት። ስለዚህ፦

1. ቅጠሉን አጥባችሁ ከዚያ ክተፉ። ከተከተፈ በኋላ ማጠብ ያሳጣል።
2. በእንፋሎት ወይም በትንሽ ውኃ፣ ለአጭር ጊዜ አብስሉ። ቀለሙ ደማቅ አረንጓዴ እንደሆነ አውርዱት።
3. ውኃ ከተረፈ አትድፉት። ሾርባ ወይም ወጥ ውስጥ ጨምሩት።
4. ጥራጥሬ ቶሎ እንዲበስል ቤኪንግ ሶዳ አትጨምሩ። ቢ1ን ያጠፋዋል። ከዚያ ይልቅ ሌሊቱን ዘፍዝፉት።
5. ወተት ብርሃን በሚያሳልፍ ጠርሙስ አድርጋችሁ መስኮት አጠገብ አታስቀምጡ። ቢ2ን ብርሃን ያጠፋዋል።
6. ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አታጣጡ። ቢ1ን ሊያስሩት ይችላሉ። አንድ ሰዓት አርቁት።
7. ጥሬ የእንቁላል ነጭ አዘውትራችሁ አትጠጡ። ውስጡ ያለው አቪዲን ባዮቲንን አጣብቆ ያስቀረዋል። ሲበስል ይህ ችግር ይጠፋል።

ቅጠሉ ከእጃችሁ አምልጦ ቢያር ወይም ቢላሽቅ፣ ለዛሬ ብሉት፤ ፎሌቱን ግን ከጥራጥሬው ጠብቁ።

## ደረጃ 5፦ እንክብል ከመጀመራችሁ በፊት ለምርመራ ደም መስጠት ያስፈልጋል ወይ?

ምልክት ካላችሁ አዎ፣ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ደም፣ ከዚያ እንክብል። እንክብሉን ለጥቂት ቀናት እንኳ ከወሰዳችሁ የቢ12 ቁጥሩ ከፍ ይልና እጥረቱ ይደበቃል። ምክንያቱን ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

ላቦራቶሪው ቢ12 ሲለካ ብዙ ጊዜ በሚሊሊትር ከ200 እስከ 250 ፒኮግራም በታች የሆነ ውጤት እጥረት ይባላል። ችግሩ ከድንበሩ ጥቂት ከፍ ያለው ነው። ቁጥሩ እዚያ አካባቢ ሆኖ ምልክት ካለባችሁ "ኖርማል ነው" ተብላችሁ ብቻ አትመለሱ። የሜቲልማሎኒክ አሲድ ወይም የሆሞሲስቲን ምርመራ (ሁለቱም ቢ12 ሲጎድል በደም ውስጥ ከፍ ይላሉ) ይታዘዝልኝ ብላችሁ ጠይቁ። የኩላሊት ችግር ካለባችሁ ንገሩ፤ እሱም ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል።

ባዮቲን የምትወስዱ ከሆነ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ተናገሩ። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠው እንክብል ብዙ ጊዜ 5000 ወይም 10000 ማይክሮግራም ባዮቲን አለው። በቀን የሚያስፈልገው 30 ነው። ይህን ያህል ባዮቲን የታይሮይድ ምርመራንና ድንገተኛ የልብ ሕመምን የሚለየውን የትሮፖኒን ምርመራ ሊያዛባ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 በይፋ ያስጠነቀቀው ስለዚህ ነው። ከምርመራው ስንት ቀን በፊት እንደምታቆሙ ላቦራቶሪውን ጠይቁ።

ምርመራ ሳትጠብቁ መጀመር የምትችሉት በሁለት ሁኔታ ነው። ልታረግዢ ካሰብሽ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ጀምሪ። የእንስሳት ተዋፅኦ የማትበሉና ምንም ምልክት የሌላችሁ ደግሞ የጥበቃ መጠን ቢ12 ጀምሩ።

## ደረጃ 6፦ እንክብሉን ምረጡ

አሁን ፋርማሲ መግባት ይቻላል። የጎደለው አንድ ከሆነ አንዱን ብቻ ግዙ። ቢ12 የጎደለው ሰው ስምንቱንም አይፈልግም። ከዚያ ብልቃጡን ገልብጡና በዚህ ቅደም ተከተል አንብቡ።

ሀ. የአንድ ጊዜ መጠኑ ስንት እንክብል ነው? ሠንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር የሁለት ወይም የሦስት እንክብል ድምር ሊሆን ይችላል።

ለ. ሚሊግራም ነው ማይክሮግራም? 1 ሚሊግራም 1000 ማይክሮግራም ነው። ቢ12፣ ፎሌትና ባዮቲን በማይክሮግራም፣ የቀሩት በሚሊግራም ይጻፋሉ። 1 ሚሊግራም ቢ12 እና 1000 ማይክሮግራም ቢ12 አንድ ናቸው፤ ሁለት ብልቃጥ አትግዙ።

ሐ. ቢ6 ስንት ነው? በጣም የምጨቃጨቅበት ይሄ ነው። ቢ6 በውኃ ስለሚሟሟ ትርፉ በሽንት ይወጣል፣ አይጎዳም የሚባለው ስህተት ነው። ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ ራሱ ነርቭን ይጎዳል፤ የሚያመጣው ምልክት ደግሞ መደንዘዝና መውረር ነው። ሰው መደንዘዝን ላጥፋ ብሎ ቢ6 ይጨምራል፣ መደንዘዙ ይብሳል፣ እንደገና ይጨምራል። በአሜሪካ የአዋቂ ጣሪያው በቀን 100 ሚሊግራም ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 12 ሚሊግራም አውርዶታል። ስማቸው ላይ 50 ወይም 100 የሚል ቁጥር ያለባቸው ቢ ኮምፕሌክሶች ብዙውን ጊዜ 50 ወይም 100 ሚሊግራም ቢ6 ይዘዋል። ሐኪም ካላዘዘ ተዉአቸው። ዝግጅት ላይ ያስቀመጣችኋቸውን ብልቃጦችና ጣሳዎች አሁን አውጡ፤ የሁሉንም ቢ6 ደምሩ። ማግኒዚየም እንክብልና ኃይል ሰጪ መጠጥ ውስጥም ተደብቆ ይገኛል።

መ. ፎሊክ አሲዱ ከ1000 ማይክሮግራም አይብለጥ። ብዙ ፎሊክ አሲድ በቢ12 እጥረት የመጣውን ደም ማነስ ያስተካክለዋል፣ የነርቩን ጉዳት ግን አያቆመውም። ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ በሽታው ይቀጥላል።

ሠ. ኒያሲኑ የትኛው ዓይነት ነው? ኒኮቲኒክ አሲድ ከ30 ሚሊግራም ጀምሮ ፊትን ሊያቀላና ሊያቃጥል ይችላል። ኒያሲናማይድ እንዲህ አያደርግም። ለኮሌስትሮል ብላችሁ በራሳችሁ ብዙ ኒያሲን አትውሰዱ፤ ጉበት ይጎዳል።

ረ. ቢ12ው ሲያኖኮባላሚን ነው ሜቲልኮባላሚን? ሁለቱም ይሠራሉ። በዚህ አትጨነቁ። ሲያኖኮባላሚን ሳይበላሽ የሚቆይና በደንብ የተጠና ነው።

ቢ12 ላይ 1000 የሚል ቁጥር ስታዩ አትደንግጡ። በዋናው በር የማያልፈው ትርፍ በሌላ መንገድ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ይገባል። ከ1000 ማይክሮግራም ወደ ውስጥ የሚገባው 10 ገደማ ነው። ቢ12 የተወሰነ ጣሪያ የለውም።

## ደረጃ 7፦ አወሳሰድ

1. የጥበቃ መጠን ቢ12 (የእንስሳት ተዋፅኦ ለማይበሉ)፦ ወይ በየቀኑ 10 ማይክሮግራም፣ ወይ በሳምንት አንድ ጊዜ 2000 ማይክሮግራም። አንዱን ምረጡና እሱን ያዙ። የሳምንቱን ከመረጣችሁ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ፤ አለበለዚያ ትረሱታላችሁ።
2. ቢ ኮምፕሌክስ ከሆነ ከቁርስ ጋር ውሰዱ። በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል።
3. ከረሳችሁ በማግስቱ እጥፍ አትውሰዱ። እንደተለመደው ቀጥሉ።
4. ሌላ መልቲቫይታሚን አብራችሁ ከጀመራችሁ ቢ6ና ፎሊክ አሲዱን እንደገና ደምሩ።
5. ብልቃጡን ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ። በተለይ ብረት ያለበት መልቲቫይታሚን ለሕፃን ከባድ መርዝ ነው።

መርፌስ? ነርቭ ሲነካ ወይም አንጀት ጭራሽ ማስገባት ሲያቅተው ሐኪም ያዛል። "ለጉልበት" ተብሎ የሚወጋው ግን እጥረት ለሌለበት ሰው ጉልበት አይሰጥም።

## ደረጃ 8፦ ያልጠበቃችሁት ነገር ሲመጣ

ሽንት ደማቅ ቢጫ ሆነ፦ ቢ2 ነው። ችግር የለውም። እንክብሉ እየሠራ ለመሆኑም ማስረጃ አይደለም።

ፊት ቀላ፣ አቃጠለ፦ ኒያሲን። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም። ኒያሲናማይድ ወዳለበት ቀይሩ።

ፊት ላይ ብጉር ወጣ፦ ከፍተኛ መጠን ያለው ቢ12 በአንዳንድ ሰው ላይ ያመጣል። መጠኑን ለመቀነስ ሐኪም አማክሩ።

መደንዘዝ አዲስ መጣ ወይም ባሰ፦ ቢ6 ያለበትን ነገር ሁሉ አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቢ6ው በሐኪም የታዘዘ ከሆነ ግን ሳታቋርጡ በዚያው ቀን ደውሉ።

ምንም ለውጥ የለም፦ መጀመሪያ ጊዜውን እዩ። እጥረት ተረጋግጦ ቢ12 ስትጀምሩ ደም ውስጥ ለውጥ የሚታየው በሳምንት ገደማ ነው፤ ደም ማነሱ የሚስተካከለው በሁለት ወር አካባቢ ነው፤ ነርቭ ደግሞ ወራት ይፈልጋል። በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ አትቁረጡ። ሁለት ወር አልፎ ድካሙ እዚያው ካለ ግን መጠን አትጨምሩ። ምናልባት ጥፋቱ የቢ ቫይታሚን አይደለም። የብረት እጥረት፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ የእንቅልፍ ችግርና ድባቴ ሁሉም በድካም ይጀምራሉ።

እጥረት ተገኝቶባችሁ ከሆነ በሁለትና በሦስት ወር መካከል ደም ስጡ። ቁጥሩ ካልተነሳ ሁለት ጥያቄ ይቀራል፦ በትክክል ወስዳችኋል ወይ? ወስዳችሁ ከሆነ አንጀታችሁ ለምን አላስገባውም? ሁለተኛውን መመለስ የሐኪሙ ሥራ ነው። ስትሄዱ ስሙን በቃል ከምትነግሩት ብልቃጦቹን ራሳቸውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የመድኃኒት ዝርዝሩንም ጨምሩ፤ መጠኑን ከጀርባቸው ራሱ ያነበዋል።